ታኬታው ተሰቀለ፣ ዓይኑ ግን ቀረ

መቼስ ለዚህ ዓምድ ከሚመጡት ደብዳቤዎች ከአሥሩ ስምንቱ የፍቅር ናቸው። «ጥላኝ ሄደች»፣ «ሌላ ይዟል መሰለኝ»፣ «ቤተሰቦቿ አልተቀበሉኝም»... የዛሬው ደብዳቤም የፍቅር ነው። ልዩነቱ ጥላው የሄደችው ኳስ መሆኗ ላይ ነው።

ጸሐፊው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። ስሜን ደብቅልኝ ብሏል፣ ደብቄለታለሁ። የክለቡንም ስም አብሬ ደብቄዋለሁ። ከሰፈር ሜዳ ተነስቶ በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ አራት ዓመት ተጫውቷል። ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። «ከዚያ ስም ዝርዝር ሲለጠፍ የእኔ ስም የለም» ይላል። «ከላይ ወደ ታች አነበብኩት፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፣ የለሁም። ጠርቶ ያናገረኝ ሰውም የለም። አሁን ቤት ነው የምውለው። እናቴ ዝም ትላለች፣ አባቴ ግን ቁርስ ላይ ሳይቀር ‹አላልኩህም?› ይለኛል። ቅዳሜ የእንግሊዝን ጨዋታ ለማየት እንኳ ልቤ አይችልም። ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። እባክህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ምን ልሁን?»

እኔ «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለዋን ነገር አልወዳትም። ሥራ ለፈታ ሰው አይዞህ ማለት ለራበው ሰው ስለ ዶሮ ወጥ እንደማውራት ነው። ግን ደብዳቤህ ውስጥ አንዲት አባባል ያዘችኝ፤ «ከኳስ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» ያልካት። እንደ ጥፋት ነው የጻፍካት። ቆይ እስቲ፣ ኳስ ማወቅ ራሱ እንዴት ያለ እውቀት ነው? ከሜዳ ውጪ ዋጋ አለው ወይስ ከማሊያው ጋር አብሮ ይወልቃል? ይህንን በምክር ከምመልስልህ አንድ እንግሊዛዊ ላስተዋውቅህ። እናንተም አንባቢያን የሊቨርፑል ደጋፊ ሆናችሁም አልሆናችሁ አብራችሁ ስሙ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱብኝ።)

ሰውየው ጄፍ ትዌንቲማን ይባላል። ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ሃያ ሰው» እንደማለት ነው። የዛሬ ልጆች ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ አይግረማችሁ፣ እዚያው አገሩም ብዙ ሰው አያውቀውም። የተወለደው በ1930 ነው፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ብራምፕተን በምትባል ትንሽ ከተማ። እዚያው ቅርቡ ያለው ትልቅ ከተማ ካርላይል ነው፣ ክለቡም ካርላይል ዩናይትድ። ክለቡ በሰሜኑ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ነበር የሚጫወተው። ልጁ እዚያ ገባ። ቁመቱ ጥሩ፣ ቴስታው ጥሩ፣ የሚጫወተውም ከኋላ፣ ተከላካይ ሆኖ ነው።

በ1949 አንድ ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ ወደ ካርላይል መጣ። ገና ስም የሌለው፣ የመጀመሪያ የአሰልጣኝነት ሥራው ካርላይል የሆነለት፣ ቢል ሻንክሊ የሚባል ሰው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1951 ሄደ። ሰውየውና ልጁ ተለያዩ። ይህንን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ትዌንቲማን በታኅሣሥ 1953 ሊቨርፑል ገዛው። እሰይ አትበሉ፣ ቆዩ። የዚያን ጊዜው ሊቨርፑል ዛሬ ማሊያውን ለብሳችሁ የምትጨፍሩለት ሊቨርፑል አይደለም። በገባበት የውድድር ዓመት መጨረሻ ክለቡ በሊጉ ግርጌ ተቀምጦ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ከዚያም ለመመለስ ስምንት የውድድር ዓመት ፈጀበት። ትዌንቲማን ከ180 በላይ ጨዋታዎችን የተጫወተው አብዛኛውን እዚያ ታች ሆኖ ነው። በየዓመቱ «ዘንድሮ እንወጣለን» ይባላል፣ በየዓመቱ ትንሽ ይጎድላል፣ አይወጡም።

ከሁሉም የባሰችው የጥር 1959ኙ ጨዋታ ነች። ለኤፍ ኤ ዋንጫ ሊቨርፑል ከዎስተር ሲቲ ጋር ተገናኘ። ዎስተር ሲቲ በሊጉ አራት ዲቪዚዮኖች ውስጥ እንኳ ያልነበረ ክለብ ነው። እንደው በእኛ አነጋገር፣ ትልቁ ክለብ የቀበሌ ቡድን ጋር ወረደ በሉት። 2 ለ 1 ተሸነፉ። በክለቡ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ በኀፍረት የሚነሳ ሽንፈት ነው። የሊቨርፑልን አንዷን ግብ በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ማን ይመስላችኋል? የእኛው ሃያ ሰው ነው። በታሪክ መጽሐፍ ስሙ የሰፈረው እንዲህ ባለ ቀን ነው እንግዲህ። ዕድል ሲቀልድ እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት ሊቨርፑልን ለቆ ወደ ሰሜን አየርላንድ ሄደ፤ በባሊሚና ዩናይትድ እየተጫወተ ማሰልጠን ጀመረ። እሱ ከለቀቀ ከወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1959፣ ሊቨርፑል አዲስ አሰልጣኝ ቀጠረ። ማንን? የካርላይሉን ቢል ሻንክሊን! እንግዲህ አስቡት። ዓመታት ታች ስትዳክር ኖረህ አንተ በወጣህበት በር የድሮ አሰልጣኝህ ይገባል፤ ክለቡን በ1962 ወደ ላይ ያወጣል፣ በ1964 ሻምፒዮን ያደርገዋል። አንተ በዚያን ጊዜ ባሕር ተሻግረህ በአየርላንድ ዝናብ ውስጥ ነህ። እኔ ብሆን ኖሮ ጋዜጣ ማንበብ ሁሉ ነበር የማቆመው።

ገንዘብስ ይዞ ነበር የወጣው? እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። ዛሬ የእንግሊዝ ተጫዋች ሲባል መኪናው፣ ቪላው፣ ሰዓቱ ነው የሚታያችሁ። እስከ 1961 ድረስ ግን በእንግሊዝ የተጫዋች ደመወዝ በሕግ ጣሪያ ነበረው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጣሪያው በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። ኮከብም ብትሆን፣ ሜዳው ሙሉ ሕዝብ ቢጮህልህም 20 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ኳስ ያቆመ ተጫዋች በነጋታው ሥራ ፍለጋ ይወጣል። መጠጥ ቤት የከፈተ አለ፣ ፋብሪካ የገባ አለ። የእኛ ሰው ግን ከሜዳ አልራቀም። ወደ ካርላይል ተመልሶ ተጫወተ። ሞርካምብ ሄደ። በ1965 የሃርትልፑልስ አሰልጣኝ ሆነና ወራት ብቻ ቆየ። እሱ ሲወጣ የገባው ብራያን ክላፍ የሚባል ወጣት ነበር፤ ኋላ ኖቲንግሃም ፎረስትን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ክላፍ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ሰውየው የትም ቢሄድ ከኋላው የሚመጣው ታላቅ ሰው ነው!

በ1967 ዕድሜው 37 ነበር። ተጫዋችነቱ አልቋል፤ አሰልጣኝነቱ ስም አላወጣለትም። ያኔ ነው ቢል ሻንክሊ ያስታወሰው። በካርላይል ገና ልጅ ሳለ ያየውን ተከላካይ ጠርቶ የሊቨርፑል ዋና መልማይ አደረገው።

መልማይ ምንድነው ለምትሉ፣ ፈረንጆቹ ስካውት ይሉታል። ቁምጣ ለብሶ አንገቱ ላይ መሐረብ የሚያስረውን ልጅ ማለቴ አይደለም። የኳስ መልማይ ማለት ክለቡ የሚገዛውን ተጫዋች ዞሮ ዞሮ የሚያገኝ ሰው ነው። ሥራው ሲሉት ቀላል ነው፤ ኳስ ማየት። «ኳስ እያየሁ ደመወዝ ቢከፈለኝ» የማይል ወንድ አገራችን ውስጥ የለም። ግን አስቡት። የሚታየው ኳስ ሊቨርፑል ከማንቸስተር አይደለም። ማክሰኞ ማታ፣ በብርድ፣ በአራተኛ ዲቪዚዮን፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና አንድ ውሻ ባሉበት ሜዳ ነው። ረጅም መንገድ ነድተህ ትሄዳለህ፤ ያየኸው ልጅ ከጨዋታው በፊት ታሟል ይባላል። ትመለሳለህ። በሌላ ቀን ደግሞ ትሄዳለህ፤ ልጁ መጥፎ ቀኑ ይሆናል። አሁንም ሦስተኛ ጊዜ ትሄዳለህ። ሚስትህ ቅዳሜ ቤት እንደማትውል ከለመደች ቆይታለች።

ትዌንቲማን ደብተር ነበረው። ቀኑን፣ ጨዋታውን፣ የልጁን ስምና ያየውን በአጭሩ ይጽፍበታል። ይኼን ያህል ነው፤ ቪዲዮ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ታዲያ አንድ ሰው በዘጠና ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰው መሐል ምን ሊያይ ይችላል? እኔና እናንተ ኳሷን ነው የምናየው። ኳሷ ስትሄድ ዓይናችን ይከተላታል። መልማይ ግን ዓይኑን ከአንድ ልጅ ላይ አይነቅልም። ኳስ ሲያገኝ ምን አደረገ ከሚለው በላይ ኳስ ሳይኖረው የት ቆመ ይላል። ኳስ ሲነጠቅ ይቆማል ወይስ ይመለሳል? ቡድኑ 3 ለ 0 ሲመራ ማን ነው አሁንም የሚሮጠው? ጓደኛው ሲያበላሽ ይቆጣል ወይስ እጁን ያነሳለታል? በሁለቱም እግሩ ይመታል? ይህንን ለማየት ሜዳ ውስጥ መኖር ይጠይቃል። በሁለተኛ ዲቪዚዮን ጭቃ ላይ ዓመታት አጥቂ ሲያመልጥህ ኖረህ፣ የትኛው አጥቂ እንደሚያመልጥ ብታውቅ ምን ይገርማል? እንግዲህ ያ «የባከነ» የተባለው ዘመን የት እንደገባ ይኸው።

እስቲ ደግሞ ዕቃውን እንየው፤ ነጋዴ በዕቃው ነውና የሚመዘነው።

ፊል ኒል። በ1974 ኖርዛምፕተን በሚባል የአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ይጫወት ነበር። ዕድሜው 23። (ደብዳቤ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አየኸው?) በዚያ ዕድሜ አራተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ያለን ተከላካይ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ትዌንቲማን አየው። ሻንክሊ በዚያ ክረምት ሥራውን ለቆ ስለነበር የተተካው ቦብ ፔዝሊ በ66 ሺህ ፓውንድ ገዛው፤ የፔዝሊ የመጀመሪያ ግዢ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ኒል 417 ተከታታይ ጨዋታ ሳያቋርጥ ለሊቨርፑል ተጫወተ። በ1977፣ በ1978፣ በ1981 እና በ1984 ሊቨርፑል የአውሮፓን ሻምፒዮንነት ሲወስድ በአራቱም ፍጻሜዎች ሜዳ ውስጥ ነበር። በ1977 ሮም ላይ ፍፁም ቅጣት ምት አገባ፤ በ1984 እዚያው ሮም ላይ በጨዋታ አገባ። በ66 ሺህ ፓውንድ!

አለን ሃንሰን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በልጅነቱ ጎልፍም ስኳሽም መረብ ኳስም የሚችል፣ ኳስ ላይ ልቡ ሙሉ ለሙሉ ያልነበረ ልጅ። በ15 ዓመቱ ሊቨርፑል መጥቶ ተፈተነና አትበቃም ተብሎ ተመለሰ። አዎ፣ ያው ሊቨርፑል! ከዓመታት በኋላ በ1977 ያው ክለብ ከፓርቲክ ቲስል በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛው። ስምንት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1986 ሊጉንና ኤፍ ኤ ዋንጫውን በአንድ ዓመት ሲወስዱ አምበሉ እሱ ነበር። አትበቃም የተባለ ልጅ እንደገና ሊታይ የሚችለው ሁለተኛ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። እኔ ይኼን ታሪክ ሳስብ የሚገርመኝ የሃንሰን ዕድል አይደለም። ክለቡ «አንዴ አይተነዋል፣ አይረባም» ብሎ መዝገቡን አለመዝጋቱ ነው። እኛ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ አንዴ «አይረባም» ከተባለ ልጆቹን እስኪድር ድረስ አይረባም።

ኢያን ራሽን መቼም ታውቁታላችሁ፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። በ1980 ከቼስተር በ300 ሺህ ፓውንድ ሲገዛ 18 ዓመቱ ነበር። ለዚያ ዕድሜ ያኔ ይኼ ገንዘብ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለዋናው ቡድን በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ስንት አገባ? ዜሮ። ሕዝቡ «ይኼ ነው 300 ሺህ?» ማለት ጀመረ። መልማዩ እንዴት አድርጎ ያድር እንደነበር ገምቱ! ተጫዋቹ ቢወድቅ የራሱ ስም ብቻ ነው የሚጠፋው፤ መልማዩ ግን የአለቆቹን ገንዘብ ነው ያስወጣው። በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ራሽ ማግባት ጀመረ፣ ከዚያ ማን ያቁመው። ሲጨርስ 346 ግብ ነበረው፤ እስከ ዛሬ በሊቨርፑል ታሪክ የሚበልጠው የለም። በመሐሉ ጁቬንቱስ በ3.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶት ነበር። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ስቲቭ ኒኮልንም በ1981 ከስኮትላንዱ ኤር ዩናይትድ አመጡት፤ በ1989 የጋዜጠኞች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ኬቨን ኪገን በ1971 ከስካንቶርፕ ሲመጣ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ የሻንክሊ የድሮ ጓደኛ የነበረ ሌላ መልማይም ልጁን ጠቁሞ ነበር። መቼስ ለአንድ ኮከብ አምስት «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ባይ አይጠፋም፤ ለወደቀው ደግሞ አንድም አባት አይገኝም።

አንድ ነገር ሳልዘነጋ። እነዚህ ልጆች መጥተው በነጋታው ማሊያ አልተሰጣቸውም። የሊቨርፑል ዘዴ ከታች ዲቪዚዮን ወጣት መግዛትና ተጠባባቂው ቡድን ውስጥ አስቀምጦ የክለቡን አጨዋወት ማስለመድ ነበር። ጠላ ሳይብላላ አይቀዳም አይደል? ስለዚህ ትዌንቲማን የሚፈልገው የዛሬውን ጎበዝ ብቻ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጎበዝ የሚሆነውንም ጭምር ነው። ይኼ ከባዱ ነው። የዛሬውን ጎበዝማ እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ እነግራችኋለሁ።

ከ1967 እስከ 1986 ድረስ፣ 19 ዓመት በዚያ ሥራ ላይ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ሊቨርፑል 9 ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን፣ 4 ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫ ሲነሳ የሚታየው አምበሉ ነው፣ ቀጥሎ አሰልጣኙ። መልማዩ ፎቶው ውስጥ የለም። ምናልባት በዚያች ሰዓት ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ልጅ የት እንዳለ እያሰበ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልምጣ። አሁን ቁም ነገሩን ልጠይቅህ፣ ለራስህ ብቻ መልስ። የምትወደው ኳስን ነው ወይስ ጭብጨባውን? ሁለቱ ሜዳ ውስጥ እያለህ አይለዩም፣ አብረው ነው የሚመጡት። ከወጣህ በኋላ ግን ይለያያሉ። ጭብጨባው ከሆነ የናፈቀህ ዳኝነትም ማሰልጠንም ምልመላም አያረካህም፤ ሌላ መድረክ ፈልግ፣ እኔ አልወቅስህም። ኳሱ ከሆነ ግን ቤት የምትውልበት ምክንያት አይታየኝም። አራት ዓመት ተስፋ ቡድን የተጫወተ ሰው ከእኔ የተሻለ ዓይን አለው። ቅዳሜ ሰፈር ሜዳ ውረድ። ደብተር ያዝ። አንድ ልጅ ምረጥና ዘጠናውን ደቂቃ እሱን ብቻ እይ፤ ቀን ጻፍ፣ ያየኸውን ጻፍ። ከወር በኋላ ደግመህ እየው፣ ያኔ የጻፍከውን አሁን ካየኸው ጋር አስተያይ። በዓመቱ መጨረሻ ስንቱን እንደገመትክ፣ ስንቱን እንደሳትክ ቁጥሩ በእጅህ ነው። ከዚያ ለአሰልጣኞች አሳይ። ከጎኑ የአሰልጣኝነት ወይም የዳኝነት ኮርስ ስትሰማ ተመዝገብ። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት እንጀራ አያበላም፣ አልዋሽህም። ስለዚህ በቀን ሌላ ሥራ ያዝ፣ የተገኘውን። አባትህም ቁርሱን በሰላም ይበላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ላንተም ለታናናሾችህም። «መልማይ ነኝ» ብሎ ከልጅ ገንዘብ የሚቀበል ሰው መልማይ አይደለም፤ ደላላ ነው፣ ለዚያውም ክፉው። እውነተኛ መልማይ የሚበላው ከክለቡ ደመወዝ ነው። ትዌንቲማን ቼስተር ሄዶ ከራሽ አባት «ለሂደቱ» ብሎ ገንዘብ አልጠየቀም። «ውጭ አገር ፈተና አገኝልሃለሁ፣ ለትኬቱና ለቪዛው ይህን ያህል አምጣ» የሚል ሰው በራችሁን ካንኳኳ መጀመሪያ የጋበዘውን ክለብ ደብዳቤ ጠይቁት፣ ከዚያ ወደ ክለቡ ራሳችሁ ደውሉ። ደግሞም እወቁ፤ ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከልክሏል። የ15 ዓመት ልጃችሁን «አውሮፓ ክለብ አስገባዋለሁ» የሚላችሁን ሰው ይህንን ሕግ አንሱበትና ፊቱን እዩት። እናቶች ጌጣቸውን ሸጠው ልጃቸው የማይታወቅ ከተማ ውስጥ ወድቆ የቀረባቸውን ታሪክ ይህ ዓምድ ከዚህ በላይ መስማት አይፈልግም።

«አሁንማ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። ሊቨርፑል ራሱ በ2012 በፊዚክስ ዶክትሬት ያለው ሰው ቀጥሮ የተጫዋቾችን ቁጥር በኮምፒውተር ማስላት ጀምሯል። ዛሬ መልማዩ ከመንገዱ በፊት ልጁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ስንት ኳስ እንዳቀበለ ያውቃል። ደብተር ይዞ ዝም ብሎ የሚዞርበት ዘመን አልፏል። ሆኖም ዛሬም ክለቦች ከመግዛታቸው በፊት ሰው ልከው ያሳያሉ። ኮምፒውተሩ ልጁ ጓደኛው ሲያበላሽ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየ እስካሁን በደንብ አይነግራቸውም። ቁጥር ማንበብ ብትማር ግን አትጎዳም፤ ሒሳብ የምትፈራ ከሆነ ከአሁኑ ፍርሃቱን ጣል።

የሰውየውን ነገር ልጨርስላችሁ። በ1986 ሊቨርፑልን ለቆ ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ። እዚያ አሰልጣኝ የሆነው የሊቨርፑል የቀድሞ አምበል ግሬም ሱነስ ነበር፤ ዓይኑን የሚያውቅ ሰው ነው የወሰደው። በሊቨርፑል ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሮን ዬትስ ነው፤ በ1960ዎቹ የሻንክሊ አምበል የነበረው ግዙፉ ተከላካይ። አሁንም የድሮ ተጫዋች፣ አሁንም ተከላካይ! እሱም እስከ 2006 ቆየበት።

ትዌንቲማን በ2004 አረፈ። ደብተሮቹ ግን ተርፈው ነበርና በ2009 እነሱን መሠረት ያደረገ መጽሐፍ ታተመ፤ ብዙ እንግሊዛዊ ስሙን በደንብ የሰማው ያኔ ነው። ደብተሮቹ ውስጥ የሰፈሩት ስሞች አብዛኞቹ ሊቨርፑል ያልገዛቸው ናቸው። ማክሰኞ ማታ፣ በዝናብ፣ አንድ ሰው ሊያያቸው መጥቶ እንደነበር ሳያውቁ ጨዋታቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሄዱ ልጆች።

ለዛሬው ይብቃን። በሚቀጥለው ሳምንት አማቷ ከሠርጓ ማግስት ጀምራ ቤቷ ገብታ አልወጣም ያለቻትን እህታችንን ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ፤ እሱን ደግሞ በምን እንደምፈታው እግዜር ያውቃል። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!